አሸዋ መኪናን የሚውጠው ስለ ምንድን ነው?

ከእኛ መካከል አብዛኛው ያደገው በጭቃ አገር ነው። በክረምት ጭቃ የያዘው የጭነት መኪና ሲገፋ ያላየ፥ ወይም ራሱ ገፍቶ ልብሱን ያላበላሸ ተማሪ ይገኛል ብዬ አላምንም። ስለዚህም ስለ ተያዘ መኪና ያለን እውቀት ሁሉ የጭቃ እውቀት ነው፤ ይኸውም «ቤንዚን ስጠው! በርታ! አትልቀቅ!» የሚል ነው። በጭቃ ላይ ይህ ምክር አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ ጎማው ለስላሳውን ቆርጦ ወርዶ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ሊያገኝ ይችላልና። በአሸዋ ላይ ግን ከአሸዋው ሥር የሚገኘው ሌላ አሸዋ ነው።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በአንድ የጥናት ጉዞ ላይ በቆላ አገር የደረቀ ወንዝ ስንሻገር የተሳፈርንበት ላንድሮቨር ቆመ። ወጣቱ ሾፌራችን «አይዟችሁ፥ አራቱም ጎማው ይጎትታል» እያለ ቤንዚን ሰጠው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መኪናው በሆዱ ተኛ። ከኋላችን በሌላ መኪና ይመጡ የነበሩ ሽማግሌ ሾፌር ወረዱና ምንም ሳይናገሩ የጎማዎቹን አየር ያስተነፍሱ ጀመር። «ጋሼ፥ ጎማ የሚነፋ ሰው በሌለበት በረሃ ምን ማድረግዎ ነው?» ብንላቸው «ጫማው ጠቦታል፥ ልጄ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያም አሸዋውን በአካፋ ጠርገው፥ በመጣበት ዱካ ቀስ አድርገው ወደ ኋላ አወጡት። የፊዚክስ ተማሪ ነኝ እያልሁ ነገሩን አለመረዳቴ አሳፈረኝ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መኪናው ከነጭነቱ 2,400 ኪሎ ይመዝናል እንበል፤ ለእያንዳንዱ ጎማ 600 ኪሎ ይደርሰዋል። ጎማው በካሬ ኢንች 36 ፓውንድ ተነፍቶ እንደ ሆነ፥ ይህ በካሬ ሳንቲ ሜትር 2.5 ኪሎ ያህል ነው። የጎማውን ግድግዳ ግትርነት ለጊዜው ብንተወው፥ 600 ኪሎ የሚሸከመው 240 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የጎማ ገጽ ብቻ ነው፤ ከሁለት የተዘረጉ እጆች አይበልጥም። አየሩ ወደ 18 ፓውንድ ሲወርድ ግን ስፋቱ ወደ 480 ይደርሳል። ብዙ ሰው ጎማው ወደ ጎን የሚሰፋ ይመስለዋል። እውነቱ ግን በይበልጥ በቁመት መርዘሙ ነው፤ ዱካው እንደ ካተርፒላር ሰንሰለት ይረዝማል። አጭር ዱካ ያለው ጎማ ስለሚሰምጥ፥ ሁልጊዜ ፊቱ ራሱ የሠራው የአሸዋ ግድግዳ ይቆማል፤ ሞተሩም ጕልበቱን ሁሉ የሚጨርሰው ያንን ግድግዳ ሲገፋ ነው።

ይህን ከቀደሙት ሰዎች መካከል እንግሊዛዊው መኰንን ራልፍ ባግኖልድ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ በተራ የፎርድ መኪናዎች የሊቢያን በረሃ ሲያስስ፥ የጎማውን አየር እያሳነሰና ከጎማ ሥር የሚዘረጋ የብረት ሰሌዳ ይዞ ይሄድ ነበር። መኪናዎቹ የሚጎትቱት በኋላ ጎማዎቻቸው ብቻ እንደ ነበረ ልብ ይሏል! በ1941 ነፋስ አሸዋን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ የሚመረምር መጽሐፍ አሳተመ፤ ዛሬም ይጠቀሳል።

የእኛ የደረቀ ወንዝ ግን ታጋሽ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ብንቆፍር የሚያጣድፈን አልነበረም። የባሕር ዳር አሸዋ እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ በአውስትራሊያ፥ በክዊንስላንድ ጠረፍ አጠገብ ያለችውን ደሴት እንውሰድ። ርዝመቷ 120 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ፥ በዓለም ካሉት የአሸዋ ደሴቶች ትልቋ ናት። ብዙ ዘመን ፍሬዘር ደሴት ስትባል ኖራ በ2023 ቡቹላ የተባሉት የጥንት ባለቤቶቿ የሚጠሯት ስም በሕግ ተመለሰላት፤ አነባበቡም ለእኛ ጆሮ «ጋሪ» ይመስላል። ጋሪ የሚሄድባት ግን አይደለችም። አራቱም ጎማው የማይጎትት መኪና አይፈቀድላትም፤ ዋናው መንገዷም በምሥራቅ በኩል ያለው የባሕር ዳር ራሱ ነው። የትራፊክ ሕግ ይሠራበታል፥ የፍጥነቱ ወሰን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው፥ አልፎ አልፎም ትንንሽ አውሮፕላኖች ያርፉበታል።

በዚህ መንገድ ላይ መኪናውን የሚሸከመው ምንድን ነው? ውሃ ነው። ደረቅ አሸዋ ይፈስሳል። ጥቂት ውሃ ሲያገኝ ግን በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ በገጹ ውጥረት አንዱን ከሌላው ጋር ያስራል። ውሃው ሞልቶ ሲተርፍ ደግሞ ማሠሪያው ይጠፋል። ስለዚህ ጠንካራው መንገድ ከላይ ባለው ደረቅና ከታች ባለው ውሃ የጠገበ አሸዋ መካከል ያለው ጠባብ እርጥብ ስፍራ ነው። በእርጥብ አሸዋ ላይ በእግሩ የቆመ ሰው አሸዋው በእግሩ ዙሪያ ለአፍታ ሲደርቅ አይቶ ይሆናል። ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በ1885 እንዳስረዳው፥ ተጠጋግተው የተደረደሩ ቅንጣቶች ሲገፉ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይሰፋና ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ለዚያች አፍታ አሸዋው ይጠነክራል፤ ውሃው ተመልሶ ሲሞላ ግን ይለሰልሳል። ሲያልፉበት የተሸከመ አሸዋ ሲቆሙበት የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው። ማዕበሉም ደርሶ ከጎማው ዙሪያ አሸዋውን ሲያጥበው ጕድጓዱ ያለ ሞተር ይቆፈራል።

እንግዲህ ሾፌሩ ከካርታ በፊት የሚያስፈልገው የባሕሩ ሰዓት ነው። ባሕሩ ከሙላት እስከ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ከሞላ፥ ማታ 4 ሰዓት ከ25፥ በማግሥቱም 4 ሰዓት ከ50 ገደማ ይሞላል። የተለመደው ምክር ከሙላቱ በፊት ሁለት ሰዓት፥ ከሙላቱም በኋላ ሁለት ሰዓት በባሕሩ ዳር አለመንዳት ነው፤ በዚህ ምሳሌ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ባሕሩ ከወትሮው ይበልጥ ወደ ላይ ይወጣል። ሰው ችላ ብሎ በ1 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ በመንገድ ከተያዘ፥ አንድ ወገኑ ለስላሳ የአሸዋ ኮረብታ፥ ሌላው ወገኑ የሚቀርበው ማዕበል ይሆንበታል። ኮረብታውን ልውጣ ቢል ደግሞ አሸዋውን በሥሩ የያዘውን ተክል ያጠፋል፤ የኤሊና የወፍ እንቍላልም ሊጨፈልቅ ይችላል።

ሁለተኛው ጠላት ከየብስ የሚመጣ ነው። ጣፋጭ ውሃ ያላቸው ጅረቶች ወደ ባሕር ሲወርዱ፥ በተለይ ከዝናብ በኋላ፥ የባሕሩን ዳር ይቆርጡታል። ትናንት ሜዳ የነበረው ዛሬ ገደል አለው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናው በሴኮንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ ፀሐይ ዝቅ ባለች ጊዜ ቍርጡ የሚታየው አጠገቡ ሲደርሱ ነው። በእኔ አስተያየት የተፈቀደ ፍጥነት ሁሉ የሚነዳ ፍጥነት አይደለም።

የቀረው የእጅና የእግር ሥራ ነው። አየር የቀነሰ ጎማ በድንገት መሪ ሲጠመዘዝ ከቸርኬው ሊወልቅ ስለሚችል ሰፋ አድርጎ መዞር ያስፈልጋል። ለመቆም ፍሬን ከመርገጥ ይልቅ ነዳጁን ለቆ መኪናው ራሱ እንዲቆም መተው ይሻላል፤ ፍሬን ከጎማው ፊት የአሸዋ ክምር ይሠራልና። ጎማው ባዶውን መሽከርከር የጀመረ እንደ ሆነ እግርን ወዲያው ማንሣት ነው። ከዚያ አካፋ፥ ከዚያም አየሩን እስከ 15 ፓውንድ ዝቅ ማድረግ፥ ከዚያ በራስ ዱካ ወደ ኋላ። በገመድ መጎተት ግድ ቢሆን፥ ገመዱ ለዚሁ በተሠራ ማያያዣ እንጂ ተሳቢ በሚንጠለጠልበት ክብ ብረት ላይ አይታሰርም፤ ያ ብረት ተሰብሮ እንደ ጥይት ተወርውሮ ሰው የገደለበት ጊዜ አለና። ተመልካቹም ራቅ ይበል።

በዚያው ባሕር ዳር በ1935 በአውሎ ነፋስ ተገፍታ የወጣች ማሄኖ የምትባል መርከብ አለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቍስለኞች መርከብ ነበረች፤ ዛሬ የቀረው ጨው የበላው የዛገ አጥንቷ ነው። መንገደኞች ፎቶግራፍ ያነሧታል። ከዚያም ወደ አስፋልቱ ሲመለሱ ጎማቸውን መልሰው ይነፋሉ፤ አየር ያነሰው ጎማ በአስፋልት ላይ በፍጥነት ሲነዳ ይግልና ይፈነዳልና። የመኪናቸውንም ሆድ በንጹሕ ውሃ ያጥባሉ።