ትንፋሽና ጭንቀት
ለቡድን ጥናት የቀረበ ትምህርት

ከሸክሙ የተገላገለ ሰው «እፎይ አለ» እንላለን። «እፎይ» ስንል አየር ከደረታችን ቀስ ብሎ ይወጣል። የተጨነቀውን ደግሞ «ትንፋሽ አጠረው» እንላለን። ጭንቀትና ትንፋሽ የተያያዙ መሆናቸውን ሕዝባችን ከጥንት ያውቃል ማለት ነው። በዚህ ትምህርት ግንኙነታቸው እንዴት እንደሆነና ለአገልግሎታችን ምን እንደሚጠቅም እንመለከታለን።

1. በሰውነታችን ውስጥ የሚሆነው

ልባችን የሚመታው፣ ምግባችንም የሚፈጨው እኛ አዝዘነው አይደለም። ይህን በራሱ የሚመራ የነርቭ ሥርዓት አለን። ሥርዓቱ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። ሲምፓቴቲክ የሚባለው በአደጋ ጊዜ ሰውነትን ያነሣሣል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ፓራሲምፓቴቲክ የሚባለው ደግሞ ያሳርፋል። የዚህ ዋና መስመር ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ የሚወርደው ቫገስ የተባለው ነርቭ ነው። ኦቶ ሎዊ የተባለ ሳይንቲስት በ1921 እ.ኤ.አ. በእንቁራሪት ልብ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ይህ ነርቭ ልብን የሚያዘገየው ኬሚካል በማመንጨት መሆኑን አሳየ። በ1936 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

ትንፋሽ ግን ልዩ ነው። ተኝተንም ይቀጥላል፤ ስንፈልግ ደግሞ ልናፈጥነው ወይም ልናዘገየው እንችላለን። አየር ስናስገባ ልብ ጥቂት ይፈጥናል፤ ስናስወጣ የቫገስ ሥራ ይበረታና ልብ ይዘገያል። ስለዚህ ቀስ ብሎና አስረዝሞ ማስወጣት ሰውነትን «አደጋው አልፏል» እንደ ማለት ነው።

ያረፈ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በጭንቀት ከልክ በላይ ሲተነፍስ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ይቀንሳል፤ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ። ራሱ ይዞራል፤ ከንፈሩና ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። የሚሞት ይመስለውና ይፈራል፤ ፍርሃቱም ትንፋሹን ያባብሰዋል።

2. ለአገልግሎታችን ምን ይጠቅማል?

በአስኮ የቤት ኪራይ የተጨመረባት፣ ባሏ የቀን ሥራ ያጣባት እናት ለምዝገባ ስትቀርብ የልጆቿ ዕድሜ እንኳ ሊጠፋባት ይችላል። «ቃሏ አይገጥምም» ብለን ብንመዘግብ የሚገባትን እርዳታ እናስቀርባታለን። ስለዚህ ከጥያቄው በፊት እንዲህ እናድርግ፦

ሀ. ወንበርና ውኃ እንስጣት፤ ሰው አይክበባት።
ለ. እግሯን መሬት አስረግጣ፣ ትከሻዋን ለቅቃ እንድትቀመጥ እንጋብዛት።
ሐ. እስከ አራት እየቆጠርን በአፍንጫ እናስገባ፤ እስከ ስድስት እየቆጠርን እናስወጣ። ይህ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል ነው። አብረናት እናድርገው እንጂ አንዘዛት። ከከበዳት ቆጠራውን እናሳጥር፤ ካዞራት እንተወው።
መ. ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጥያቄውን በዝግታ እንጀምር።

የሰው መከራ ሲሰሙ የሚውሉ ሠራተኞችም ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም ቢሆን፣ ይህን ሊለማመዱ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጭንቀት ጊዜ መመሪያ ቀስ ብሎ መተንፈስን ከልምምዶቹ ውስጥ አስገብቷል። መመሪያው የተመሠረተበት የቡድን ትምህርት በሰሜን ኡጋንዳ በተጠለሉ የደቡብ ሱዳን ሴቶች ዘንድ ተፈትኖ ጭንቀታቸውን ቀንሷል። ትምህርቱ ግን ከመተንፈስ ሌላ ብዙ ነገር ነበረበት።

3. ወሰኑን እንወቅ

ትንፋሽ ኪራይ አይከፍልም፤ እህልም አይተካም። ሰውን አረጋግተን ባዶ እጁን ብንሸኘው ሥራችን ግማሽ ነው። ልምምዱ በጸሎት ፈንታ የሚቀርብም አይደለም። ለደከመ አካል የሚደረግ እንክብካቤ ነው። የተጨነቀውንም «እምነትህ ጎደለ» ብለን ሌላ ሸክም አንጫንበት።

ፈጣን ትንፋሽ ሁሉ ጭንቀት አይደለም። የሚያስል ወይም መተንፈስ የከበደው ሕፃን፣ ከ2 እስከ 12 ወር ያለው በደቂቃ 50 ጊዜ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የደረት ሕመም ወይም አስም ያለበት አዋቂም ይመርመር። ጭንቀቱ ለሳምንታት እንቅልፍና ሥራ የከለከለው ሰው በጤና ጣቢያ በኩል እንደ አማኑኤል ሆስፒታል ወዳለ የአእምሮ ሕክምና ይመራ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቢሮአችን ወይም በጉባኤያችን የሰውን ትንፋሽ የሚያሳጥረው ምንድን ነው? ረጅሙ ሰልፍ? ጩኸቱ? አነጋገራችን? ከእነዚህ የትኛውን በዚህ ወር ልንለውጥ እንችላለን?
2. የተጨነቀ ሰው የተናገረውን ተቀብለን ከመወሰናችን በፊት ስንት ደቂቃ እንሰጠዋለን?
3. ከመካከላችን እፎይ ያላለ ሠራተኛ ማን ነው? ሸክሙንስ ማን ይጋራው?