ስለ ንግድና ስለ ዕድል

ብዙ ሰው የከበረውን ነጋዴ ባየ ጊዜ «ዕድሉ ቀና»፣ የከሰረውንም ባየ ጊዜ «ዕድሉ ጠመመ» ይላል። ነገሩን በቡና እንመርምረው። በከፋ ጫካ ቡና ሰው ሳይተክለው ይበቅላልና፣ በቦንጋ ዙሪያ መወለድ ራሱ ዕድል ነው። ዋጋው ግን በሩቅ አገር ይቈረጣል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በብራዚል ውርጭ ወርዶ እጅግ ብዙ የቡና ዛፍ ስላቃጠለ፣ የዓለም ዋጋ እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ ሲወጣ ቈየ። በሰኔ 1981 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታት የሽያጩን ልክ የወሰኑበት ስምምነት ስለ ፈረሰ፣ ዋጋው በጥቂት ወራት እኩሌታውን ያህል ወረደ። በዚህም በዚያም የቦንጋ ገበሬ እጅ አልነበረበትም።

እንግዲህ የሰው ድርሻ ወዴት ነው? ቀዩን ብቻ ለቅሞ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ አድርቆ፣ እርጥበት ከማይነካው ስፍራ ያኖረ ሰው ዋጋ በወጣ ቀን የሚሸጠው አለው። ብድር የጠናበት ግን ቡናውን ገና በአበባው ይሸጠዋልና ትርፉ ለአበዳሪው ይሆናል። ይህን ሰው ሰነፍ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ብድሩን ያመጣው የቤተ ሰብ ሕመም ነውና።

መምህራን ሆይ፣ ሒሳብ ስታስተምሩ ተማሪው አንዱ ፈረሱላ በአበባ ጊዜ ስንት፣ በለቀማ ጊዜ ስንት እንደሚሸጥ ከአባቱ ጠይቆ ይምጣ፤ ልዩነቱንም በሰሌዳ ላይ ይጻፈው።