ከትኩሳቱ በኋላ የሚቀር ሕመም፦ የቺኩንጉንያ የመገጣጠሚያ ብግነትና አያያዙ፣ ከተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንጻር

መግቢያ

በመርካቶ፣ በተክለ ሃይማኖት ዙሪያ፣ ኑሮ በእጅና በጉልበት ይገፋል። ተሸካሚው በትከሻውና በጉልበቱ፣ ልብስ ሰፊው በጣቶቹ፣ በምናለሽ ተራ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው በእጁ አንጓ ያድራል። በዚህ አካባቢ ለወራት የሚዘልቅ የመገጣጠሚያ ሕመም የዕለት እንጀራን የሚነካ ነው። ሕመምተኛው ብዙውን ጊዜ «ብርድ መታኝ» ወይም «ቁርጥማት ነው» ብሎ ወደ ወጌሻ አለዚያም በቅርብ ወዳለ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ከሕመሙ በፊት ስለነበረው ትኩሳትና ስለ ጉዞው የሚጠይቀው ካላገኘ፣ የችግሩ ምንጭ ቫይረስ ሊሆን እንደሚችል ሳይታሰብ ይቀራል።

የዚህ አጭር ዳሰሳ መከራከሪያ አንድ ነው፦ በቺኩንጉንያ ምክንያት የሚመጣን የመገጣጠሚያ ብግነት በአግባቡ ለመያዝ፣ ከመድኃኒቱ ምርጫ አስቀድሞ ትኩሳቱ የትና መቼ እንደጀመረ መታወቅ አለበት። በአንደኛው ሳምንት ጎጂ የሆነ መድኃኒት በሁለተኛው ወር ሊጠቅም ይችላል።

በሽታው በኢትዮጵያ

የቺኩንጉንያ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953 በደቡባዊ ታንዛኒያ በተከሰተ ወረርሽኝ ነው። ስሙ ከማኮንዴ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፣ በሕመሙ ብርታት የሚጎብጠውን ሰው ሁኔታ ያመለክታል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ዶሎ አዶ ወረርሽኙ ተረጋግጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 (ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ) ደግሞ በድሬዳዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመዋል።

ቫይረሱን የምታስተላልፈው በዋናነት ኤደስ ኢጂፕቲ የተባለች፣ በቀን የምትናከስና በበርሜል፣ በጄሪካንና በአሮጌ ጎማ በተጠራቀመ ውኃ የምትራባ ትንኝ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ቅዝቃዜው ለዚህች ትንኝ አይስማማም። ይሁን እንጂ ትንኟ ባትመጣም ሕመምተኛው ይመጣል። በድሬዳዋና በመርካቶ መካከል የሚመላለስ ነጋዴ፣ ሾፌርና ረዳት፣ ቫይረሱ ከደሙ ከጠፋ በኋላ እንኳ ያበጠ መገጣጠሚያ ይዞ አዲስ አበባ ሊገባ ይችላል።

ሕመሙ ለምን ይቆያል?

ከንክሻው በኋላ ብዙውን ጊዜ በ3 እና በ7 ቀናት መካከል ከፍተኛ ትኩሳት ይነሣል። የጣት፣ የእጅ አንጓ፣ የቁርጭምጭሚትና የእግር መገጣጠሚያዎች በግራም በቀኝም በአንድነት ይታመማሉ። አብዛኞቹ ሕሙማን በቀናት ወይም በሳምንታት ይድናሉ፤ ቀላል የማይባሉት ግን ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት ጠዋት ጠዋት የጣት መድረቅና ሕመም ይቀርባቸዋል።

ስለ ምክንያቱ ሁለት ዐሳቦች አሉ። ከሬዩኒየን ደሴት ወረርሽኝ በኋላ የተደረገ ጥናት የቫይረሱን ቅሪት በመገጣጠሚያ ሽፋን ሕዋሳት ውስጥ አግኝቷል። በኮሎምቢያ የተደረገ ጥናት ግን ከበሽታው በኋላ ሕመማቸው ከቀጠለ ሰዎች በተወሰደ የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ቫይረሱን አላገኘም፤ ይህም በቫይረሱ የተቀሰቀሰው የሰውነት መከላከያ ሳይበርድ መቅረቱን ይጠቁማል። በሁለቱም አስተሳሰብ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚፈውሰው ነገር የለም።

አያያዝ በየደረጃው

የመጀመሪያው ደረጃ እስከ 21ኛው ቀን ያለው ነው። ለቫይረሱ የተለየ መድኃኒት የለም፤ ዕረፍት፣ በቂ ፈሳሽና ፓራሲታሞል ይሰጣል። ለአዋቂ ሰው ፓራሲታሞል በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም 500 ሚሊ ግራም ከሆነው ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም፤ ጉበቱ ለተጎዳ ሰው መጠኑ ከዚህም ያንሳል። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ መከልከል አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ የደንጊ ወረርሽኝ ያስተናገደች ከተማ ናት፤ ሁለቱ በሽታዎች በጅምራቸው ይመሳሰላሉ፣ እነዚህ ማስታገሻዎች ደግሞ በደንጊ ሕመምተኛ ላይ የመድማትን አደጋ ያባብሳሉ። ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት የታየበት ሰው ሳይዘገይ ሆስፒታል መግባት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ደረጃ ከ21ኛው ቀን እስከ 3ኛው ወር ነው። ደንጊ አለመሆኑ ከታወቀ፣ በመጀመሪያው ደረጃ የተከለከሉት የብግነት ማስታገሻዎች በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሊሰጡ ይችላሉ፤ የጨጓራ፣ የኩላሊትና የደም ግፊት ችግር መኖሩ ግን አስቀድሞ ይጠየቃል። ያለ ማዘዣ የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ሕመሙን ፈጥኖ ስለሚያስታግስ ይወደዳል፤ ሲቋረጥ ግን ሕመሙ በርትቶ ሊመለስ፣ ስኳር ሊጨምር፣ ተደብቆ የኖረ የሳንባ ነቀርሳም ሊቀሰቀስ ይችላል።

ሦስተኛው ደረጃ ከ3 ወር በላይ የዘለቀ ሕመም ነው። እብጠቱ ከቀጠለ ሕመምተኛው ወደ ስፔሻሊስት መላክ አለበት። ለአንዳንዶች ሜቶትሬክሴት ይታዘዛል፤ ነገር ግን ሄፓታይተስ ቢ እና የሳንባ ነቀርሳ በተስፋፉበት አገር ሁለቱን ሳይመረምሩ መጀመር አደገኛ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥም። ሄፓታይተስ ቢ ራሱ፣ እንዲሁም ኤች አይ ቪና ፓርቮ ቫይረስ የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያስከትሉ በመሆናቸው ምርመራው ድርብ ጥቅም አለው።

የሥራና የቤት እንክብካቤ

«ዕረፍት አድርግ» የሚለው ምክር በሸክም ልክ ለሚከፈለው ሰው ባዶ ቃል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምክሩ ከሥራው ጋር መስማማት አለበት፦ ሸክሙን ከፋፍሎ መውሰድ፣ በጋሪ መጠቀም፣ በጣት ከመጨበጥ ይልቅ ክብደቱን ወደ ክንድ ማዛወር፣ የጠዋቱ ድርቀት እስኪለቅ ከባድ ሥራ አለመጀመር። ጣቶችን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ቀስ እያሉ ማጠፍና መዘርጋት ድርቀቱን ያላላል፤ ላበጠና ለሚያተኩስ መገጣጠሚያ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ይሻላል። ጨርሶ አለመንቀሳቀስ ጡንቻን ያደክማል። የተቆጣን መገጣጠሚያ በኃይል ማሸትና መጎተትም ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል ወጌሻዎች ይህን እንዲያውቁ ማድረግ ይገባል።

ማጠቃለያ

በመጀመሪያው ሳምንት ቫይረሱን ራሱን በፒ ሲ አር መፈለግ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚፈለገው በደም ውስጥ የሚፈጠረው ፀረ እንግዳ አካል ነው። የላቦራቶሪውም ምርጫ እንደ መድኃኒቱ በቀን ቆጠራ ላይ የተመሠረተ ነው ማለት ነው። በተክለ ሃይማኖት ዙሪያ ባሉ ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች «ትኩሳቱ መቼ ጀመረዎት? ያን ጊዜ የት ነበሩ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች በሕመምተኛው ካርድ ላይ ቢጨመሩ ወጪ አይጠይቁም። መልሳቸው ግን አንዱን ሕመምተኛ ከመድማት፣ ሌላውን አላስፈላጊ ከሆነ ፀረ ባክቴሪያ፣ ሦስተኛውንም እጁ ከሥራ ውጭ ከመሆን ሊያድነው ይችላል።