ሳይጠሩት በስልክ ስለሚመጣ መልእክት

ቀድሞ ደብዳቤ የደረሰው የገጠር ሰው ፊደል የቆጠረ ካህን ወይም ደብተራ ፈልጎ ያስነብብ ነበር። ብልኅ አንባቢም ቃሉን ከማሰማቱ በፊት ማኅተሙን ይመለከታል፤ ያመጣው መልእክተኛ ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ያነብባል። ዛሬ በመካነ ኢየሱስና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ደብዳቤው በኪስ ስልክ ይመጣል፤ አንባቢውም ብዙ ጊዜ የአራተኛ ወይም የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የቤቱ ልጅ ነው። ልጁ ንባቡን ያውቃል፤ ማኅተም ማየትን ግን ያስተማረው የለም። ይህን ትምህርት ለመምህራንና ለሀገር ሽማግሌዎች መጻፋችን ስለዚህ ነው።

አንድ ጎረቤታችን በሬ ሽጦ ገንዘቡን በስልክ ሒሳብ አኖረ። ጥቂት ቀን ቈይቶ አንድ ድምፁ የለዘበ ሰው ደወለና «አባቴ፤ እንኳን ደስ ያለዎ፤ ሽልማት ወጥቶልዎታል። አሁን የቍጥር መልእክት ይደርስዎታል፤ ቶሎ ያንብቡልኝ፤ አለዚያ ለሌላ ሰው ያልፋል» አለው። ልጁ ቍጥሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። የበሬው ዋጋ በዚያው ሰዓት ሄደ። ልጁም ከዚያ ወዲህ በአባቱ ፊት ማንበብ ያፍራል፤ ጥፋቱ ግን የልጁ አይደለም፤ የኛ የትልልቆቹ ነው።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። ሌባው በራሱ ስልክ የሰውየውን ሒሳብ ሊከፍት ሲሞክር፤ መሥሪያ ቤቱ ባለቤቱ መሆኑን ለማረጋገጥ የምስጢር ቍጥር ወደ ባለቤቱ ስልክ ይልካል። ያን ቍጥር ለሌላ ማሰማት የጎተራን ቍልፍ አውጥቶ መስጠት ነው። ሌላም ተንኰል አለ፤ ይኸውም «ይህን ያህል ብር ገብቶልዎታል» የሚል የሐሰት መልእክት ይልኩና «በስሕተት ነውና ይመልሱልኝ» ብለው ይለምናሉ። እንዲህ ሲሆን ሰውየው የላኩለትን ጽሑፍ ትቶ የራሱን ሒሳብ ይመልከት። ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ዓ.ም. በጀመረው በቴሌብር ገንዘቡን ያኖረ ሰው በ*127# ገብቶ ማየት ይችላል። ገንዘቡ ካልገባ የሚመለስ የለም።

«ይህን ለአሥር ሰው ካላስተላለፍህ መቅሠፍት ይደርስብሃል» የሚለውም አዲስ ነገር አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ፤ ስለ ሰንበት ከሰማይ ወረደ የተባለ ደብዳቤ በምዕራብ አገር ይዞር ነበር። በእስጳንያ የቀርታጌና ጳጳስ የነበረው ሊኪኒያኖስ፤ ይህን ደብዳቤ አምኖ ለሕዝብ ያስነበበውን የኢቢዛን ጳጳስ በጽሑፍ ገሥጾታል። ጳጳስ ከተታለለ ሕፃን ቢታለል አያስደንቅም።

ንግድን ለማስታወቅ ያለ ፈቃድ የሚላከውን መልእክት ደግሞ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 ከልክሎታል፤ በእስራትና በመቀጮም ያስቀጣል። ከአጭር ቍጥር እየመጣ ሒሳብ የሚቈርጥ አገልግሎት ሲሆን፤ ብዙ ጊዜ መልእክቱ ራሱ ማቆሚያውን ቃል ይናገራል፤ ያን ቃል ጽፎ መመለስ ነው። ከማይታወቅ ከተራ ስልክ ለሚመጣው ግን መልስ አይሰጥም፤ መልስ የሰጠ ሰው ስልኩ እንደሚሠራና አንባቢ እንዳለው ለላኪው አስታወቀ።

መምህር ሆይ፤ በንባብ ሰዓት ጥቂት እንዲህ ያሉ መልእክቶችን በሰሌዳው ላይ ጻፍ። ተማሪዎቹ ላኪው ማን እንደ ሆነ፤ ምን እንደሚፈልግ፤ ለምንስ እንደሚያስቸኵል ይመርምሩ። ስልክ ተከፍቶ ሰው እየሰማ ሳለ ቍጥር እንዳያነብቡም ልመዱ በላቸው። የላኪው ስም በስልኩ ላይ መታየቱ ማኅተም አይደለም፤ ስምን አስመስሎ መላክ ይቻላልና። የተጠራጠረ ሰው የደወለለትን ዘግቶ እርሱ ራሱ በ994 ለኢትዮ ቴሌኮም ይደውል።

ገንዘብ የጠፋበትም ሰው ከኀፍረት የተነሣ ዝም እንዳይል ሽማግሌዎች ይምከሩት። መልእክቱን ሳይደመስስ ወዲያውኑ ለአገልግሎቱ መሥሪያ ቤትና ለፖሊስ ያመልክት፤ የተደወለበትን ቍጥርና ሰዓቱንም ልጁ በደብተሩ ይጻፍለት።