የገለጻ ድርሰት፦ የጽሕፈት ሣጥኑና የጠፋው ጠረጴዛ

ሀ. መግቢያ

አንድን ዕቃ በጽሑፍ መግለጽ ማለት አንባቢው ዕቃውን በዓይኑ የሚያየው ያህል እንዲሰማው ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ ጥሩ ገለጻ በመልክና በመጠን ብቻ አይወሰንም፤ ዕቃውን ማን እንደ ሠራው፣ ለምን አገልግሎት እንደ ዋለና ምን ታሪክ እንዳለፈበት ጭምር ያስረዳል። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ጽሕፈት የሚያዘወትሩ ሰዎች ወረቀት፣ የላባ ብዕርና የቀለም ብልቃጥ የሚያኖሩበት የእንጨት ሣጥን ነበራቸው። ሣጥኑ ሲዘጋ በእጅ ይያዛል፤ ሲከፈት መጻፊያ ሰሌዳ ይሆናል። የስፌት ሣጥንም የዚሁ ዘመድ ነው፤ መርፌ፣ ክርና መቀስ በየክፍላቸው ይቀመጡበታል። ከሁለቱም ዓይነት የተዋቡት በናስ ወይም በሚያብረቀርቅ የዛጎል ቅርፊት ያጌጡ ነበሩ።

ከጽሕፈት ሣጥኖች ሁሉ ስሙ ከገነኑት አንዱ ግን ጌጥ የበዛበት አይደለም። ንድፉን ያወጣው ቶማስ ጄፈርሰን ሲሆን፣ የሠራው ቤንጃሚን ራንዶልፍ የተባለ የፊላዴልፊያ አናጢ ነው። የማሆጋኒ እንጨት ነው፤ ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ተጣጥፎ የሚዘረጋ ሰሌዳና ቁልፍ ያለው መሳቢያ አለው። ጄፈርሰን የሰዎችን ሁሉ እኩልነት የሚያውጀውን የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1776 ያረቀቀው በዚህ ሣጥን ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1825 የጄፈርሰን የልጅ ልጅ ኤለን ባል አግብታ ወደ ቦስተን ሄደች። ጆን ሄሚንግስ የሠራላት የጽሕፈት ጠረጴዛም በመርከብ ተላከላት። ሄሚንግስ በጄፈርሰን ርስት በሞንቲቼሎ በባርነት የሚኖር፣ በሙያው የተመሰገነ አናጢ ነበር። ጠረጴዛው በጉዞ ላይ ሳለ ባሕር ውስጥ ጠፋ፤ ሄሚንግስም እጅግ አዘነ። ጄፈርሰን በጠፋው ፈንታ አሮጌውን ሣጥን ለኤለን ባል ላከለት፤ የነጻነት መግለጫው የተጻፈበት መሆኑንም በገዛ እጁ ጽፎ አያያዘበት።

ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1880 ሣጥኑን ለመንግሥት አስረከበ፤ ዛሬ በዋሽንግተን በአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ሄሚንግስ ነጻ የወጣው ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1826 ከሞተ በኋላ፣ በኑዛዜው መሠረት ነው። የእኩልነት ቃል የተጻፈበት ሣጥን ተጠብቆ ሲኖር፣ ቃሉ ሳይደርሰው የኖረው ሰው የደከመበት ጠረጴዛ ጠፍቶ ቀረ።

ሐ. የሰዋስው ማስታወሻ

«ባሕር ውስጥ የጠፋው ጠረጴዛ» በሚለው አነጋገር «ባሕር ውስጥ የጠፋው» ስሙን ይገልጻል። ብቻውን ሙሉ ሐሳብ ስለማይሰጥም ጥገኛ ይባላል። ቀጥሎ ያሉትን አነጻጽሩ፦

«ጠረጴዛውን የሠራው አናጢ»
«አናጢው የሠራው ጠረጴዛ»

በሁለቱም «የሠራው» የሚል ቃል አለ። በመጀመሪያው የተገለጸው ስም ድርጊቱን ፈጻሚ ነው፤ በሁለተኛው ድርጊቱ የተፈጸመበት ነው። ስለዚህ ገላጩን ከማስገባታችሁ በፊት የምትገልጹት ማንን ወይም ምንን እንደ ሆነ ለዩ።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ «የ»ን የያዙ አምስት ጥገኛ ገላጮችን አውጡና እያንዳንዱ የሚገልጸውን ስም አመልክቱ።
2. የምንባቡ ጸሐፊ ከሣጥኑ ታሪክ ጋር የጠፋውን ጠረጴዛ ታሪክ ለምን ያነሣ ይመስላችኋል? በአንድ አንቀጽ አብራሩ።
3. በቤታችሁ ካለ ሣጥን ወይም ሙዳይ አንዱን መርጣችሁ፣ መጀመሪያ ውጪውን፣ ቀጥሎ ውስጡን፣ በመጨረሻም ሠሪውንና ታሪኩን በሦስት አንቀጽ ግለጹ። ስለ ታሪኩ የቤተሰባችሁን ታላላቆች ጠይቁ።