በወረርሽኝ ጊዜ ክትባትና የመሪዎች ቃል፤ ከብራዚል የተገኘ ትምህርት



ክትባት በብልቃጥ ውስጥ ሳለ የሐኪሞችና የኬሚስቶች ጉዳይ ነው። ከብልቃጡ ወጥቶ በሰው ክንድ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ግን የገንዘብ ሚኒስቴርም፣ የፍርድ ቤትም፣ የጋዜጣም፣ በቡና ላይ የሚወራው ወሬም ጉዳይ ይሆናል። በ2020 ዓ.ም. ኮቪድ-19 የተባለው ወረርሽኝ ዓለምን በያዘ ጊዜ፣ ክትባቱን ማን ይግዛ፣ ማን አስቀድሞ ይከተብ፣ የማንስ ቃል ይታመን በሚል ክርክር ያልታወከ አገር ጥቂት ነው። ለዚህ ወር ትምህርታችን ከእነዚህ አገሮች መካከል ብራዚልን የመረጥነው፣ ይህ ሕዝብ በመቶ ዓመት ጊዜ ውስጥ ያንኑ ጥያቄ ሁለት ጊዜ፣ ያውም በተቃራኒ መልክ ስለ ቀመሰው ነው። ከዚህም ሌላ የብራዚል የክትባት ታሪክ ከአገራችን ጋር የሚገናኝበት አንድ መንገድ አለ፤ ወደ በኋላ እንደርስበታለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1904 የብራዚል ርእሰ ከተማ ሪዮ ዴ ጃኔይሮ ነበረች። ከተማይቱ በቢጫ ወባ፣ በቸነፈርና በፈንጣጣ ክፉ ስም የወጣላት ነበረች። ፕሬዚዳንት ሮድሪጌስ አልቬስ ከተማይቱን ከበሽታ ለማጽዳት ቆርጠው ስለ ተነሡ፣ በፓሪስ በፓስተር ኢንስቲቱት የተማሩትን ዶክተር ኦስዋልዶ ክሩዝን በ1903 የሕዝብ ጤና ዋና ዲሬክተር አድርገው ሾሙ። ዶክተሩ በተሾሙ ጊዜ ዕድሜያቸው 30 ዓመት ነበር። በሳይንሱ ረገድ ትክክለኛ ሰው ነበሩ፤ ቢጫ ወባን የሚያስተላልፈው ትንኝ መሆኑን ተረድተው ትንኙን አሳደው አጠፉ። ሆኖም ሠራተኞቻቸው ወደ ድኻው ቤት በግድ እየገቡ ይፈትሹ፣ ያጥኑ፣ ያስለቅቁም ነበር። በዚያው ወራት ደግሞ የከተማው ከንቲባ ሰፋፊ ጎዳና ለማውጣት ብለው የድኻውን መኖሪያ በብዛት ያፈርሱ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ የጤናውንና የማፍረሱን ሥራ ለይቶ የሚያይበት ምክንያት አልነበረውም።

እንዲህ ባለው ጊዜ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1904 የፈንጣጣን ክትባት ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ የማስፈጸሚያው ደንብ ረቂቅ በጋዜጣ ታተመ። በረቂቁ መሠረት የክትባት ወረቀት የሌለው ሰው ሥራ አይቀጠርም፣ ትምህርት ቤት አይገባም፣ ጋብቻም አይፈጽምም። ኖቬምበር 10 ቀን ሁከት ተነሣ። ትራሞች ተገለበጡ፣ የመንገድ መብራቶች ተሰባበሩ፤ ሥልጣን የሚመኙ ፖለቲከኞችና የጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎችም ቁጣውን መሣሪያ አድርገው መንግሥቱን ሊገለብጡ ሞከሩ። ሁከቱ እስኪበርድ ድረስ 30 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ 945 ታሰሩ፤ ከእነርሱም 461ዱ ወደ ሩቁ የአክሬ ግዛት ተጋዙ። ግዴታውም ተነሣ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1908፣ ጽኑ የፈንጣጣ ወረርሽኝ ሪዮን ሲመታ ያ እምቢ ብሎ የነበረው ሕዝብ ሳይገደድ ለመከተብ ተሽቀዳደመ።

የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን አመፅ ብዙ ጊዜ የድንቁርና ምሳሌ አድርገው ሲያቀርቡት ይታያል። በእኔ አስተያየት ግን ፍርዱ ጠንከር ያለ ነው። የክትባቱን ጥቅም በበቂ ያስረዳው ሰው ሳይኖር፣ ቤቱን ያፈረሰበት መንግሥት በማግሥቱ መርፌ ይዞ ሲመጣ የተጠራጠረ ሰው፣ የተሳሳተው በክትባቱ ነገር እንጂ በመንግሥቱ ጠባይ ነገር አይደለም።

ብራዚሎች ከዚህ በኋላ ዘመናቸውን የፈጁት ይህን መተማመን ቀስ በቀስ በመሥራት ነው። ፈንጣጣ በ1971 ከአገራቸው ጠፋ። በዚያ ዘመቻ በፓራና ክፍለ ሀገር የሠሩት ዶክተር ሲሮ ዴ ኳድሮስ በ1970 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በዓለም ጤና ድርጅት ስም እስከ 1976 ድረስ በፈንጣጣው ማጥፋት ሥራ ከአገራችን ከታቢዎች ጋር በእግርና በበቅሎ ተራራውንና ቆላውን ዞረዋል። የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየውም በ1976 በኦጋዴን ነው። በብራዚል ደግሞ በ1973 ብሔራዊ የክትባት ፕሮግራም ተቋቋመ፤ ከ1980 ጀምሮ ሕፃናት ሁሉ በአንድ ቀን የፖሊዮ ጠብታ የሚቀበሉበት ብሔራዊ ቀን ተወሰነ፤ የመጨረሻው የፖሊዮ ሕመምተኛም በ1989 ታየ። የጠብታ ቅርጽ ያለው ዜ ጎቲኛ የሚባል የሥዕል ሰው ተፈጥሮላቸው ልጆች እንደ ወዳጅ ያውቁታል። መምህራን የሚያስተውሉት ነገር እዚህ ላይ ነው፤ በ2020 ወረርሽኙ ሲደርስ ብራዚል ባዶ እጇን አልነበረችም። የሠለጠኑ ከታቢዎች፣ ክትባት የሚያመርቱ ሁለት ታላላቅ ተቋሞች፣ ክትባትን የለመደ ሕዝብም ነበራት። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር።

ፕሬዚዳንት ዣይር ቦልሶናሮ በሽታውን ከመጀመሪያው ጀምሮ አቃለሉት። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት የጤና ሚኒስትሮች ተፈራረቁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሐኪሞች ሲሆኑ አንዱ በኤፕሪል 2020 ተሻሩ፣ ሁለተኛው አንድ ወር ሳይሞላቸው ሥራቸውን ለቀቁ፤ ሦስተኛው ጄኔራል ኤድዋርዶ ፓዙዌሎ ሕክምና ያልተማሩ የጦር ሰው ነበሩ። ኦክቶበር 20 ቀን 2020 ጄኔራሉ ለክፍላተ ሀገር ገዥዎች፣ መንግሥት ኮሮናቫክ ከተባለው ክትባት 46 ሚሊዮን ዶዝ እንደሚገዛ አስታወቁ። በማግሥቱ ፕሬዚዳንቱ ስምምነቱን ሻሩት። ምክንያቱ ምን ነበር? ክትባቱን የሠራው ሲኖቫክ የተባለ የቻይና ኩባንያ ሲሆን በብራዚል የሚያዘጋጀው የሳኦ ፓውሎው ቡታንታን ኢንስቲቱት ነበር፤ የሳኦ ፓውሎም አገረ ገዥ ዥዋው ዶሪያ የፕሬዚዳንቱ የፖለቲካ ባላንጣ ሆነው ነበር። ጄኔራሉም አንዱ ሲያዝ ሌላው ይታዘዛል ብለው ነገሩን ዘጉት። በወታደር ቤት ይህ ደንብ ነው፤ በጤና ሚኒስቴር ግን ሚኒስትሩ የሚታዘዙለት ሌላ ጌታ አለ፤ እርሱም የሙከራው ውጤት ነው።

በኖቬምበር አንድ በሙከራው የተሳተፈ ሰው ስለ ሞተ ሙከራው ለጊዜው ታገደ፤ ሞቱ ከክትባቱ ጋር የማይገናኝ መሆኑ ታውቆ ከሁለት ቀን በኋላ ተፈቀደ። ፕሬዚዳንቱ ግን እገዳውን እንደ ራሳቸው ድል ቆጠሩት። በዲሴምበር ደግሞ የፋይዘርን ክትባት የወሰደ ሰው ወደ አዞ ቢለወጥ ኩባንያው ኃላፊ አይሆንም ብለው ቀለዱ። ቀልዱን ለቀልድ የወሰደው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ከመሪው አፍ የሰማውን ቀልድ ወደ ቤቱ ይዞት የሚገባው ማስረጃ አድርጎ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ወገን መጫን ግን ፍትሕ አይሆንም። አገረ ገዥው ዶሪያም ክትባቱን እንደ ግል ሀብታቸው አድርገው፣ የሚጀመርበትን ቀን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ አስቀድመው ያውጁ ነበር። የሙከራው ቁጥርም በአንድ ጊዜ በግልጽ አልተነገረም። በዲሴምበር መጨረሻ ገደማ ውጤቱ አጥጋቢ ነው ተብሎ ቁጥሩ ተሸሸገ፤ ጃንዋሪ 7 ቀን 2021 የመከላከል ኃይሉ 78 በመቶ ነው ተባለ፤ ከአምስት ቀን በኋላ 50.38 በመቶ ሆኖ ወጣ። ሕዝቡ ተታለልን ቢል ምን ይገርማል?

ይሁን እንጂ ሁለቱም ቁጥሮች እውነተኞች ነበሩ፤ የተለያየ ነገር ስለሚለኩ ነው። የሒሳብ መምህራን ይህን በሰሌዳ ላይ ቢያስረዱት ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ሙከራው የተደረገው በሕሙማን መካከል በሚሠሩ የጤና ሠራተኞች ላይ ነው። እኩሌታዎቹ ክትባቱን፣ እኩሌታዎቹ መድኃኒት የሌለበትን መርፌ ተወጉ፤ ማን የትኛውን እንደ ተወጋም ራሳቸውም ሐኪሞቻቸውም አያውቁም ነበር። ከዚያ በኋላ መድኃኒት የሌለበትን ከተወጉት 167፣ ክትባቱን ከተወጉት 85 ሰዎች ታመሙ። 85 የ167 ግማሽ ያህል ስለ ሆነ፣ ክትባቱ ከሚመጣው ሕመም ግማሹን አስቀረ ማለት ነው። ብዙዎች እንዳሰቡት ከተከተቡት ሰዎች ግማሾቹ ይታመማሉ ማለት አይደለም። ደግሞም በዚህ ቁጥር ውስጥ ትንሽ ራስ ምታትና ጉንፋን መሰል ስሜት ብቻ የተሰማው ሰው ሳይቀር ተቆጥሯል። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ያስገደደውን ሕመም ብቻ ብንቆጥር የመከላከሉ ኃይል 78 በመቶ ይሆናል። እንግዲህ ክትባቱ ቀላሉን ሕመም በመጠኑ፣ ከበድ ያለውን በይበልጥ ይከላከላል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ቀን ቢነገር ኖሮ፣ ከላይ ወደ ታች የወረደው ቁጥር ያስከተለው ጥርጣሬ በቀረ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ረጋ ያለ ቃል የተሰማው ከፍርድ ቤት ነው። ዲሴምበር 17 ቀን 2020 የብራዚል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ፍርድ፣ መንግሥት ክትባትን ግዴታ ሊያደርግና ያልተከተበ ሰው አንዳንድ ስፍራ እንዳይገባ ሊከለክል ይችላል፤ ነገር ግን ማንንም ሰው ይዞ በጉልበት መውጋት አይችልም አለ። የ1904ን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህ ልዩነት ስንት ነፍስ እንደሚያወጣ አይጠፋውም።

ጃንዋሪ 17 ቀን 2021 አንቪዛ የተባለው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሁለት ክትባቶችን ፈቀደ። ከደቂቃዎች በኋላ በሳኦ ፓውሎ አንዲት ነርስ የመጀመሪያዋ ተከታቢ ሆነች። ከሦስት ቀን አስቀድሞ ግን በአማዞን ወንዝ አገር በማናውስ ከተማ በሆስፒታሎቹ ኦክሲጅን አልቆ ሕሙማን እየታፈኑ ይሞቱ ነበር። በኤፕሪል በመላው አገሩ በአንድ ቀን ከ4,000 የሚበልጡ ሰዎች የሞቱበት ጊዜ ደረሰ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ጉዳዩን የሚመረምር ሸንጎ አቁሞ ምስክር ሲሰማ፣ የፋይዘር ኩባንያ ከኦገስት 2020 ጀምሮ እስከ 70 ሚሊዮን ዶዝ ለመሸጥ ጠይቆ እንደ ነበርና መልስ እንዳላገኘ ተገለጠ፤ ውሉ የተፈረመው በማርች 2021 ነው። በዚያው በማርች ወር፣ ተራዋን ስትጠብቅ የቆየችው አገራችን ኮቫክስ በተባለው የዓለም የስርጭት ማኅበር በኩል የመጀመሪያውን 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ያህል ተቀበለች። መግዛት የማይችል ሲጠብቅ፣ መግዛት የሚችለው ደብዳቤውን ሳይመልስ አስቀመጠው። ሸንጎው በኦክቶበር 2021 በ7 ድምፅ ለ4 ባጸደቀው ሪፖርት ፕሬዚዳንቱ በሕግ እንዲጠየቁ ሐሳብ አቀረበ፤ በዚያን ጊዜ የሟቾቹ ቁጥር ከ600,000 አልፎ ነበር።

ሕዝቡስ ምን አደረገ? መሪው ሲጠራጠር ሕዝቡ ተሰለፈ። እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ ከብራዚል ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው ክትባቱን ፈጽሞ ነበር። ለዚህም ምክንያቱ እናቶች ልጆቻቸውን ለፖሊዮ ጠብታ ይዘው የሚሄዱበት የሰፈሩ ጤና ጣቢያና እዚያ ለዓመታት የሚያውቋት ነርስ ይመስለኛል።

በሳኦ ፓውሎ ክፍለ ሀገር ሴራና የምትባል 45,000 ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ አለች። የቡታንታን ሊቃውንት ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል 2021 ድረስ ፈቃደኛ የሆኑትን ጎልማሶቿን ሁሉ ያንኑ 50 በመቶ ተብሎ የተናቀውን ክትባት ከተቡ። የማን ሰፈር ይቅደም የሚለው ጠብ እንዳይነሣ ከተማይቱን በአራት ከፍለው ተራውን በዕጣ አወጡ። ከአራቱ ሦስቱ ክፍሎች ሁለተኛውን መርፌ ሲጨርሱ በሽታው መዛመቱን ተወ፤ በአካባቢው ባሉት ከተሞች ሕሙማን ሲበዙ በሴራና ቀነሱ። በሜይ መጨረሻ በተነገረው ውጤት የሟቾች ቁጥር በ95 በመቶ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዕድሜያቸው ለክትባት ያልደረሰ ልጆች እንኳ ያለ መርፌ ከሕመሙ ዐረፉ።