የጎረቤታችን ቋንቋ፤ የመጀመሪያ ቃላት

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ቦታ ማለት ነው። ቃሉ የግዕዝ ነው። ከተማዋ ያለችበት ወረዳ ግን ቦረና ይባላል። ቦረና የኦሮሞ ጎሣ ስም ነው። በስተደቡብ በኬንያ ጠረፍም በዚሁ ስም የሚጠራ ሕዝብ አለ። ወረኢሉንም እንመልከት። «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው። እንግዲህ አማርኛ የምንናገር ሰዎች የአገራችንን ስም ስንጠራ፣ ሳናውቀው ኦሮምኛ እንናገራለን።

ጥቂት ቃል መጨመር ምን ይጠቅመናል? ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ አፋርኛም ይሰማል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ብዙ የወሎ ቤተሰቦች ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር ተወስደው ሰፍረዋል። አንዲት እናት በዚያ አገር ልጇ በሌሊት ታሞባት የጎረቤት በር አንኳኳች እንበል። ቃሉን ካላወቀች ከማልቀስና በጣት ከማሳየት በቀር ምን ታደርጋለች? ስለዚህ የሚያስፈልጉትን ቃላት ቀድመን እንማር።

ሰላምታ

ጠዋት «ነጋን ቡልቴ?» ይባላል። በሰላም አደርክ ወይ ማለት ነው። ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ለሽማግሌና ለእንግዳ ግን «ነጋን ቡልተኒ?» እንላለን። እኛ አንቱ ብለን እንደምናከብር፣ እነሱም እንደ ብዙ ሰው አድርገው ያከብራሉ። መልሱ «ነጋ» ነው። ሰላም ማለት ነው።

እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። በአማርኛ ነጋ ስንል «ጋ» ይጠብቃል፤ ጎሕ ቀደደ ማለታችን ነው። በኦሮምኛ ግን «ጋ» ይላላል። «ገባ»ም እንደዚሁ ነው። በእኛ ቋንቋ ወደ ቤት ገባ እንላለን። በእነሱ ሲላላ ገበያ ማለት ነው። ፊደላችን የጠበቀውንና የላላውን ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ ጆሮአችን ይለየው።

ቁጥር

1 ቶኮ፣ 2 ለመ፣ 3 ሰዲ፣ 4 አፉር፣ 5 ሸን፣ 6 ጀአ፣ 7 ቶርበ፣ 8 ሰዴት፣ 9 ሰገል፣ 10 ኩዸን።

በ3 «ዲ» ይላላል፤ በ8 «ዴ» ይጠብቃል። «ዸ» የሚለው ድምፅ በአማርኛ የለም። የምላስን ጫፍ ወደ ላንቃ አጥፎ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ ነው። ከተናጋሪው አፍ እየሰሙ መለማመድ ይሻላል።

በገበያና በቤት

ስንት ነው ለማለት «ሜቃ?» በቂ ነው። በግ ሆላ፣ በሬ ቆቲዮ፣ አህያ ሃሬ፣ ጨው ሶጊደ ይባላል። ፈረስ ፈርደ ነው፤ ይህ ለእኛ አይከብድም። ቤት መነ፣ እንጀራ ቡዴነ፣ ውሃ ቢሻን ነው። የጠማው መንገደኛ «ቢሻን ና ኬኒ» ይላል፤ ውሃ ስጠኝ ማለት ነው። ለትልቅ ሰው ሲሆን «ኬና» ይላል። ሲሰጡት አንዱን «ገለቶሚ»፣ ትልቁን ሰው «ገለቶማ» ብሎ ያመሰግናል።

በሕመም ጊዜ

ራስ መታ፣ ሆድ ገራ ነው። ሆዴን ያመኛል ለማለት «ገራን ነ ዹኩበ»። ሆዱን ያመዋል ለማለት «ገራን ኢሰ ዹኩበ»። ያቺ እናት ይህን አንድ መስመር ብታውቅ ኖሮ በሩን የከፈተላት ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳላት ነበር።

ስለ ጽሕፈቱ

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። አንዱ ኦሮምኛ ነበር፤ የተጻፈውም በእኛው ፊደል ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን ኦሮምኛ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ ከሚሴ የሄደ ሰው ሰሌዳውን ማንበብ ቢያቅተው አይደንግጥ። ቋንቋ መጀመሪያ በጆሮ ይገባል። ሲሳሳት የሚሥቁበት ቢኖሩም አይፈር፤ እያረሙት ያስተምሩታልና።

ጥያቄዎች

1. «ነጋ» በአማርኛ ምን ማለት ነው? በኦሮምኛስ?
2. ሽማግሌን ጠዋት ምን ብለን ሰላም እንላለን?
3. ከ1 እስከ 10 በቃላችሁ ቁጠሩ።
4. በቀበሌያችሁ ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ የአካባቢያችሁን የቦታ ስሞች ትርጉም ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።